«ለወረቀት ብቻ ነው» የተባልኩት ፍቺ

ባሌ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ የመጣው ለመፋታት መሆኑን በራሱ አፍ ነግሮኛል። ይህን አልደበቀኝም፤ እግዜር ይስጠው። የደበቀኝ ሌላ ነገር ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ እሱን ለማማት አይደለም፤ ትንሽ ባማውም የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም። የምጽፈው «ለወረቀት ብቻ ነው» የምትለዋ አነጋገር ስንቱን ትዳር እንደምትበላ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ያኔ ሆዳን በሚባል የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ የቤት ሥራ እሠራ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ሐዋ አስተማሪ ናት። ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛ ታውቃለች፤ ወንዱንና ሴቱን ግን ታምታታለች፤ «አንተ ሰናይት» እያለች ነው የምትጠራኝ። ባሌ መላኩ አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠራል። ልጃችን ሶስና ከእሱና ከእናቱ ጋር ትኖራለች፤ ገና አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች፤ «በቅርቡ» እላታለሁ። ይቺ «በቅርቡ» ዓመት እየደረበች ሄዳ እኔኑ ማሳፈር ጀምራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ተረትቶ በየቤቱ በተኛበት ሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«የት ነሽ?» አለኝ መላኩ።

«የት እሆናለሁ? ማድ ቤት ነኛ።»

«እኔ ቡላኦስ ነኝ።»

«የቱ ቡላኦስ?»

«ስንት ቡላኦስ አለ? ጅቡቲ ነኝ እኮ፣ ሰናይት!»

አልዋሽም፣ ደስታው ነው የቀደመኝ። እጄን ሳላደርቅ ማድ ቤቱ ውስጥ ዘለልኩ። ጥርጣሬው የመጣው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። መላኩ ጥርሱን ሊያመው ሲል እንኳ አስቀድሞ የሚያስታውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሳይናገር ድንበር አቋርጦ ሲመጣ ምን ይባላል? ወዲያው መልሼ ደወልኩ።

«ሶስና ምን ሆነች?»

«ኧረ ደህና ናት! ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት።»

እዚህ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ «ናፍቀሽኝ ነው» ብሎ ባቡር የተሳፈረበት ቀን አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገሬ ሰው። እኔም እያፈርኩ ጠረጠርኩ።

ማዳምን ፈቃድ ስጠይቃት «ሂድ፣ ሂድ፣ ባል ነው» ብላ ወዲያው ለቀቀችኝ። ገበያ ለመውጣት እንኳ የምታስለምነኝ ሴት! እሷንም ጠረጠርኩ። አንዴ ልብ መጠርጠር ከጀመረ ማንንም አይምርም።

በማግስቱ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባል ሰፈር ሄድኩ። መላኩ ያረፈው የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ ጓደኛው ክፍል ነው፤ ጓደኛው ጭነት ሊያነሳ ወደብ ስለሄደ ብቻችንን ነበርን። አቅፎ ሳመኝ። ቋንጣና በርበሬ አምጥቶልኛል። አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ጋራዥ የሚሠራ ሰው የማያደርገው ዓይነት፣ ነጭ። ሽቶም ሸቶኛል። 

«ናፍቀሽኝ ነው» ያለው ሰው ወሬ ከያዘ ትንሽ ቆይቶ ተቁነጠነጠና፦

«ሰናይት፣ አንድ ፕሮሰስ አለ» አለኝ።

አገራችን ውስጥ «ፕሮሰስ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው በእግሩ ካልሄደ፣ በባሕር ካልሄደ፣ በፕሮሰስ ይሄዳል። ጸሐይ የሚባሉ ሴትዮ ካናዳ አሉ አለኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከእናቱ አይተናነስም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለነፍሳቸው ብለው እሱን በወረቀት አግብተው ሊወስዱት ፈቅደዋል። ለዚህ ግን እሱ ያላገባ መሆን አለበት፤ ስለዚህ እኔና እሱ በወረቀት እንፋታለን።

«ለወረቀት ብቻ ነው» አለ። «ልባችን ያው ነው። እኔ እሄዳለሁ፣ ከእሳቸው ጋር ወረቀቱን እንጨርሳለን፣ ከዚያ አንቺን እንደገና አግብቼ እወስድሻለሁ።»

«እትዬ ጸሐይ ሠርግም ይደግሳሉ?»

«ኧረ አትቀልጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ።»

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሌላ ጊዜ በእንዲህ ያለ ተረት እስከ እንባው የሚስቅ ሰው ነው።

«ሶስናስ?» አልኩት።

«እሷማ በእኔ ስም ትሆናለች። ልጅ ያለው ሰው ልጁን ይዞ መሄድ ይችላል። አብራኝ ትሄዳለች፣ አንቺ ትከተያለሽ።»

«እኔ ሳልኖር?»

«በወረቀት ነው አልኩሽ እኮ!»

 መላኩን ማጣት አንድ ነገር ነው፤ ባል ሄዶ ይመጣል፣ ወይም ይሄድና ይቀራል። ሶስናን ግን በ«በወረቀት ነው» ለማን አሳልፌ ነው የምሰጣት? በሌላ በኩል ደግሞ እውነት ቢሆንስ? እኔ በማይረባ ጥርጣሬ የልጄን ዕድል ብዘጋስ? ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ነው ይበልጥ ያሠቃየኝ።

አካሄዱን ሁሉ አስቦ ጨርሷል። እኔ አዲስ አበባ መሄድ የለብኝም። ቆንስላ ሄጄ ለእህቱ ውክልና እፈርማለሁ፤ እህቱ በእኔ ስም ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ነገ ሐሙስ ነው፤ አርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ እሱ አርብ ይመለሳል። ስለዚህ ነገ ጠዋት መፈረም አለብኝ።

«ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለኝም ማለት ነው?»

«ምን የሚታሰብ ነገር አለው? ለልጅሽ አይደለም?»

ምሳ ሊጋብዘኝ ቡላኦስ ወሰደኝ። የመናውያን የሚሠሩት ዓሣ አለ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ ይጠበስና ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው። ሁለታችንም እስከ አንጓችን ዘይት ሆነን ሳለ የመላኩ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ተደፍቶ ነው የተቀመጠው። እንዲያውም ከተገናኘን ጀምሮ ያ ስልክ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ አላየሁትም።

በዘይት የተነከሩ ሁለት እጆቹን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ባልነካካው ግራ እጄ አንስቼ፣ ከፍቼ፣ ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ማን እንደደወለ ለማንበብ ጊዜ አላገኘሁም።

«አቤት እትዬ! እንደምን ዋሉ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። የሚያወራው ለስልኩ ሳይሆን ለእኔ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

ከወዲያ በኩል ሳቅ ሰማሁ። ቀጭን ሳቅ ናት። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንዲህ ትስቃለች ብዬ አላሰብኩም።

«አዎ ደርሻለሁ... አዎ፣ ነገ ነው... እየበላን ነው...» አለና ፊቱ እንደ መለስለስ አለ። «አንቺስ ምሳ በላሽ?»

ቀና ብዬ አየሁት። እሱም የተናገረው የገባው መሰለኝ፤ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

«እሺ እትዬ፣ እሺ፣ ይጸልዩልን» ብሎ በአንገቱ ዝጊው አለኝ።

ዘጋሁት። ዓሣውን ወደ እሱ ገፋሁት።

«አንቺ አልካቸው?»

«ማንን?»

«እትዬን። ‹በላሽ› አልካቸው።»

«እ... የእህታቸው ልጅ ናት የደወለችው። እሳቸው አጠገቧ ሆነው ሰላም ሲሉኝ ነበር። አንዴ እሷ፣ አንዴ እሳቸው።»

ሊሆን ይችላል። ሰው ስልክ ይቀባበላል፤ እናቴም የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ በአንድ ስልክ ነው የምታደርሰው። ግን ያቺ «ሽ» ጆሮዬ ላይ ተሰክታ ቀረች። በአማርኛ አንቱ የምትለውን ሰው ተሳስተህ አንቺ አትልም። እኔ አክስቴን በሕልሜ እንኳ አንቺ ብያት አላውቅም። አፍ የሚሳሳተው ወደ ለመደው ነው።

ወደ ሆዳን ስመለስ ማዳም ሐዋ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። ፊቴን አይታ፦

«አንተ ሰናይት፣ ምን ሆንክ? ባል መጣ፣ አንተ ታለቅሳለህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ወላል» አለችኝ፤ እህት ዓለም ማለቷ ነው። «በኛ ፍቺ ቀልድ የለም። አንድ ሰው ለሚስቱ ‹ፈታሁሽ› ይላል፣ ነገ ‹ቀለድኩ› ይላል። ማን ይሰማዋል? ቀልዱም ምር ነው። ስለዚህ የኛ አባቶች ያን ቃል አፋቸው ላይ አያስቀምጡም። የናንተ ሕግ ቀልድ አለው?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ሳታውቅ ትፈርማለህ?»

ሐሙስ ጠዋት መላኩ በሚኒባስ መጥቶ ወሰደኝ። ቆንስላው በር ላይ ሰው ተሰልፏል። መላኩ እንዳይደክመኝ ውኃ ገዛልኝ፣ በጋዜጣ አራገበልኝ። ስንጋባ እንኳ እንዲህ አላራገበልኝም። በየመሐሉ «ሲጠይቁሽ አዎ፣ አዎ ብቻ በይ፤ ነገር አታብዢ፣ ሰው ይጠብቃል» ይለኛል።

ተራችን ደርሶ ገባን። መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ሴት ናቸው ጉዳዩን የያዙት። መላኩ አዲስ አበባ አስተይቦ ያመጣውን ውክልና ሰጣቸው። ለራሳቸው ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና፦

«ፈራሚዋ አንቺ ነሽ? ጮክ ብዬ ላነብልሽ ነው፤ አድምጪኝ» አሉ።

«አንብባዋለች» አለ መላኩ።

«እሷን ነው ያልኩት፣ ወንድሜ።»

አነበቡልኝ። መላኩ የነገረኝ ሁሉ አለበት፤ አንድም የጎደለ የለም። ግን «ጋብቻዬን በስምምነት ለመፍታት» የሚለውን፣ «ልጃችን ሶስና መላኩ በአባቷ ዘንድ እንድታድግ» የሚለውን፣ «ከአገር ይዟት ቢወጣ የማልቃወም መሆኔን» የሚለውን በሌላ ሰው ድምፅ መስማት ሌላ ነው። «ለወረቀት ብቻ» የሚል ቃል የትም የለበትም።

«ገብቶሻል? በፈቃድሽ ነው?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። መላኩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ጠይቂ።»

«ይሄ... ለወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ኋላ ይመለሳል?»

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «የምን ለወረቀት ብቻ? ሌላ ዓይነት ፍቺ ደግሞ አለ እንዴ?»

ሰው እየጠበቀ እንኳ አልተቆጡኝም፤ አስረዱኝ። እኛ ዘንድ ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይፈታም። መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ባልና ሚስት ተስማምተው፣ የልጁንም የንብረቱንም ነገር ጽፈው ያስጸድቃሉ፤ ወይ አንደኛው ብቻውን ያመለክታል። ሲስማሙ «ለምን ትፋታላችሁ» ብሎ ምክንያት የሚያስገድድ የለም። ዳኛው ግን እያንዳንዱን «እውነት ፈልገህ ነው? ማንም አላስገደደሽም?» ይላል፤ እንዲያስቡበት ጊዜ ሊሰጥም ይችላል።

«ይሄን የሚጠይቁት ማንን ነው?»

«ባለጉዳዩን ነዋ። አሁን አንቺ ከፈረምሽ በአንቺ ቦታ ሊቀርቡ የተወከሉት... ዝምድናቸው ምንድን ነው?»

«የባሌ እህት ናት።»

 መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ከጸደቀ በኋላስ?» አልኩ።

«ከጸደቀ በኋላ ባልሽ አይደለም። ነገውኑ ሌላ ማግባት ይችላል።»

«መልሰን ብንፈልግ?»

«አዲስ ጋብቻ ነው። ሁለታችሁም ከፈለጋችሁ።»

«ሁለታችንም እንፈልጋለን!» አለ መላኩ ቶሎ ብሎ። «እህቴ፣ እሷ ትንሽ ፈርታ ነው። ሰናይት፣ ፈርሚ እንጂ፣ ሰው ቆሟል!»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። እውነቴን ነው፣ ልፈርም ነበር። የሶስና ዕድል እያለ ሲያስፈራራኝ ያደረው ሐሳብ እጄን ገፋው። ግን ያቺ «ሽ» ዝም አልል አለችኝ።

«እሺ» አልኩት። «እትዬ ጸሐይን አመስግኜ ልፈርም። ደውልልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«አሁን እንዴት ይደወላል? እዚያ ሌሊት ነው! ቀንና ሌሊታቸው የተገላቢጦሽ ነው። ትልቅ ሰው ከእንቅልፍ ይቀሰቀሳል?»

እውነቱን ነው፤ ካናዳ ሌሊት ነበር። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። አሳርፌ ቀረሁ።

ትናንት ሙሉውን ቀን የቆዘምኩት በ«ሽ» ላይ ነው። «ምሳ» የምትለዋን ግን ጭራሽ አላስተዋልኳትም ነበር።

«መላኩ» አልኩት፣ «ትናንት እኛ ዓሣ ስንበላ ካናዳ ገና ሊነጋ ሲል ነበር። ‹ምሳ በላሽ› ያልከው ማንን ነው?»

  ነጭ ጫማውን አየ። ሴትየዋ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ከፊቴ ወሰዱና «ውጪ ተነጋገሩ፤ ወረፋችሁን እይዝላችኋለሁ» አሉን።

ውጪ ከግንቡ ሥር ያለችው ጥላ ለአንድ ሰው እንኳ አትበቃም። እኔ ጥላው ውስጥ፣ እሱ ፀሐይ ላይ ቆምን።

«አዲስ አበባ ናት?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ካንቺ ትንሽ ታንሳለች።» ላቡ ይንቆረቆራል። «መጀመሪያ እውነትም በወረቀት ነበር፣ ሰናይት፣ ሶስና ትሙት! ከካናዳ ለዕረፍት ነው የመጣችው። ወረቀቱን ለማስጨረስ አብረን ስንወጣ ስንገባ... እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«በልጄ አትማል።»

«ስሟን አልዋሸሁሽም፤ ጸሐይ ነው ስሟ።»

«‹እትዬ›ዋስ ከየት መጣች?»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፦

«ሶስና ናት እትዬ የምትላት» አለኝ።

ግንቡን ተደግፌ ተቀመጥኩ። መላኩ ሌላ ሴት መውደዱን ሆዴ ካወቀው ቆይቷል። ልጄ ግን ያቺን ሴት የምትጠራበት ስም አውጥታ፣ ለምዳ፣ ከእሷ ጋር ትውል እንደነበር አላውቅም ነበር። በስልክ «እማዬ መቼ ነው የምትመጪው» ስትለኝ፣ ስልኩን ስትዘጋ «እትዬ ጸሐይ» ትላለች። ማንም ሳያስፈቅደኝ ልጄን እያለማመዷት ነበር። መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። የእሱንም እንባ ጠረጠርኩት፤ ምናልባት ያ እንባ እውነተኛ ነበር፣ ዛሬም አላውቅም።

ሲበቃኝ ተነሳሁ።

«መፋታቱን እንፋታለን» አልኩት። «ግን እህትህ እኔን ሆና አትቀርብም። ዳኛው የሚጠይቀውን እኔው እመልሳለሁ። የሶስናን ነገር ደግሞ ችሎት ፊት እንነጋገራለን።»

«ፕሮሰሱ ይዘገያል እኮ!» አለኝ። ይታያችኋል? ያን ጊዜም ያሳሰበው ፕሮሰሱ ነው።

ሁለቱን ነገሮች ለማዳም ሐዋ ነገርኳት፤ ምን እንደሆነና አገሬ እንደምገባ። «ሂድ» አለችኝ እንደገና፣ እያለቀሰች። በስተመጨረሻ ማዳምን በመጠርጠሬ ብቻ ነው ያፈርኩት።

አዲስ አበባ ገብቼ የፍቺ ማመልከቻውን በራሴ ስም አስገባሁ። ዳኛዋ ለየብቻ ጠርተው አነጋገሩን። ለማሰብ ጊዜ ሲሰጡን መላኩ «አያስፈልግም» አለ፤ እኔ «ያስፈልገኛል» አልኩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤት ተከራየሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ሶስናን ትምህርት ቤት ማድረስና ማምጣት ጀመርኩ። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ እንደ እንግዳ ነበር የምታየኝ፤ ያን ለመታገሥ ከፍቺው ይልቅ ጥርስ መንከስ ጠይቆኛል። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን አፈረሰ፤ ሶስና ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ አባቷ እየመጣ እንዲያያት ወሰነ። ጸሐይ ካናዳ ተመልሳለች። የመላኩ ፕሮሰስ ዛሬም ፕሮሰስ ላይ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በሰው አገር በሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ ባሎቻችሁን ሁሉ ጠርጥሩ አልላችሁም። ጥርጣሬ ክፉ ጓደኛ ነው፤ እኔን እስካሁን አልተወኝም፤ ሰው ደግ ነገር ሲያደርግልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ግን ለፊርማ ስትጠሩ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ችሎት ፊት «እውነት ፈልገሽ ነው?» የምትባለዋን ጥያቄ ደግሞ ለማንም አትወክሉ። እኔ ያን ጥያቄ የመለስኩ ቀን ነው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለራሴ ሕይወት የጠየቀኝ ሰው ያገኘሁት።

መላኩ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣል። ባለፈው ሲመጣ እኔና ሶስና ልብስ እያጠፍን ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ሶስና በመስኮት አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አባዬ በወረቀት ነው የተፋታነው አለኝ። ታዲያ ለምንድን ነው በር የሚያንኳኳው?»

የያዝኩትን ልብስ አስቀመጥኩ።

«ቤቱ የእኛ ስለሆነ ነው» አልኳትና «ሂጂ ክፈቺለት» አልኳት።